ቪልሄልም ነፋስ መውጫ ሲደርስ

የአጎቴ ልጅ ጀርመን ነው የምትኖረው። ባሏ ጀርመናዊ ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ አልትራሳውንዱ ወንድ ነው ብሏል። ባለፈው ወር በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከችልን። ነገሩ ሲጨመቅ ይኼ ነው፦ የባሏ ቤተሰቦች የሕፃኑ ስም ውስጥ የቅድመ አያቱ ስም እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ። ስሙ ደግሞ ቪልሄልም ነው።

አያታችን ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ናቸው። ስማርት ስልክ የላቸውም። አጎቴ ሊጠይቃቸው በሄደ ቀን ድምፁን ከፍቶ አሰማቸው።

«ውባለም?» አሉ። «ውባለምማ የሴት ስም አይደለም እንዴ?»

ግሩፑ ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ስቲከር ሁሉ ሠራበት። ግን አጎቴ በኋላ የነገረን፣ ያኔ ያልተቀዳው ነገር አለ። አያታችን ስቀው ሲጨርሱ እንዲህ ብለው ነበር፦ «እኔ ያንን ስም ምላሴ አያዞረውም። ልጁ ለጥየቃ ሲመጣ በምን ብጠራው ነው ዞር ብሎ የሚያየኝ?»

እኔ እዚህ ጋ መሳቅ አቆምኩ። ምክንያቱም ስም ስናወጣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሲቪ ነው። «ውጭ ቢሄድ ይከብደዋል» እንላለን። ልጁ ወደ አገር ቤት ሲመጣስ? ስም የሚጓዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለማ።

ጀርመኖቹ በጋይንት አልፈዋል

የአጎቴ ልጅ ችግሯ አዲስ ይመስላት ነበር። የሚገርመው፣ እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ የዛሬ 160 ዓመት ገደማ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ የገጠማቸው ቤተሰቦች ነበሩ።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጀርመኖችም ስዊሶችም ነበሩባቸው። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መጨረሻቸው ብረት ማቅለጥ ሆነ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሞ የምታዩት ሴባስቶፖል የእነሱ እጅ ሥራ ነው።

እነዚህ ሰዎች እዚያው ትዳር ያዙ። ስዊሱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ጆን ቤል እንግሊዛዊ የቴዎድሮስ ወዳጅ ሲሆን፣ አገሬው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይለው ነበር፤ ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ጀርመናዊው ዛልሙለርም የዚያው የቤል አማች ሆነ። ኤድዋርድ ዛንደር የሚባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷ በአውሮፓውያኑ ወረቀት ላይ ካታሪና ናት። በአገሬው ዘንድ ግን ወለተ ኢየሱስ።

ልብ በሉ፤ አንድ ልጅ ነች፣ ሁለት ስም አላት፣ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። አንደኛው የሌላው ትርጉም አይደለም፤ አንዱ የአባቷ ወገን የሚጠራበት፣ ሌላው የእናቷ ወገን የሚጠራበት ነው።

ወለተ ኢየሱስ ሞሪትዝ ሃል የሚባለውን የጋፋት ሠራተኛ አገባች። እሱ ከክራኮው የመጣ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነው። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ የጋፋት ሰዎች መንገድ እየጠረጉ አብረው ሄዱ። መንገዱ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አልፎ ነው። ዛሬ ከወረታ ወልዲያ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው እነሱ በወራት የገፉትን አገር በሰዓታት ያልፈዋል። አያታችን ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው የሚያዩት ያንኑ አገር ነው።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ወደቀች። በፈረንጆቹ 1868 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ለሞሪትዝና ለወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟን ማግዳሌና አሉት።

እስቲ ይኼን ስም ጮክ ብላችሁ በሉት። ለጀርመን ጆሮ ማግዳሌና ያለ የነበረ የክርስቲያን ስም ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ለእኛ ጆሮ ግን ሁለት ነገር ያሰማል፦ መግደላዊት ማርያምን፣ እና መቅደላን። ልጅቷ የተወለደችበት ዓመት ስሟ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ማንም «ይኼ ምን ዓይነት ስም ነው?» ብሎ አይጠይቃትም። ስም ተጓዘ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። ሸክሙን አራግፎ አይደለም የተጓዘው፤ ሸክሙን ይዞ ነው።

ቤተሰቡ በኋላ ጀርመኖች ወደሰፈሩባት ጃፋ ሄደ። ማግዳሌና እዚያ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል፣ ሩሲያ ተወልዶ የጀርመን ዜግነት የወሰደ መኳንንት አገባች። ልጃቸውን ዮና አሉት፤ የእኛው ዮናስ ነው። የዮና ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኦስካር ያሸነፈው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ከወንድሞቿ አንዱ ዴቪድ ሃል ኢትዮጵያ መጥቶ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆነ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ መሣሪያ ፍለጋ በርሊን ድረስ ተልኳል። ዴቪድ፣ ዳዊት። በርሊንም አዲስ አበባም ስሙን ፊደል በፊደል ማስረዳት አላስፈለገውም።

ማግዳሌና፣ ዳዊት፣ ዮና፣ ጴጥሮስ። እነዚህን የቤተሰቡን ስሞች ደርድራችሁ ስታዩ ከአንድ መደብር የወጡ ናቸው። ጀርመኖቹም እኛም ለብዙ መቶ ዓመታት ስም ስናወጣበት ከኖርነው መጽሐፍ።

ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጀርመንኛው ይቀርበናል

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። «ውጭ የሚያዋጣ ስም» ሲባል ጭንቅላታችን ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ነው የሚሄደው። ዮሐንስ «ጆን»፣ ያዕቆብ «ጄኮብ»፣ ራሔል «ሬቸል» ይሆናል። ጀርመንኛ ግን በዚህ ጉዳይ ለአማርኛ በጣም ቅርብ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንግሊዞች «ጄ» የሚሉትን ፊደል ጀርመኖች «ይ» ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ዮሐንስ «ዮሃነስ»፣ ያዕቆብ «ያኮብ»፣ ዮሴፍ «ዮዜፍ»፣ ዮናስ ደግሞ ምንም ሳይቀየር «ዮናስ» ነው። ራሔል ጀርመንኛ ውስጥ «ራሄል» ናት። ኤልያስ ኤልያስ ነው። ጽዮንን እንኳ ጀርመኖች በ«ጽ» አቅራቢያ ባለ ድምፅ «ጺዮን» ነው የሚሏት፤ እንግሊዞቹ «ዛየን» ያደርጓታል። ሩት፣ ማርታ፣ ሐና፣ ዳንኤል፣ ሳሙኤል፣ ብንያም፣ ኖኅ፣ ሉቃስ፤ ሁሉም በትንሽ ድምፅ ለውጥ እዚያ አሉ። ያውም ያረጁ አይደሉም። ኖኅ፣ ኤልያስ፣ ሉቃስ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ለሕፃናት በብዛት ከሚወጡት ስሞች ውስጥ ናቸው። እሌኒንም አትርሷት፤ እነሱ ጋ «ሄሌነ» ናት።

ወጥመዶቹም አሉ ታዲያ። ጀርመኖች የላቲኑን ፊደል የሚያነቡበት መንገድ የኛን ስም ጉድ ሊሠራው ይችላል። እኛ ስማችንን በላቲን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ አነባበብ ነው። ጀርመናዊው ደግሞ በራሱ ሕግ ያነበዋል፦

በ«ደብሊው» የሚጻፈውን «ው» እሱ «ቭ» ይለዋል። ውባለም «ቩባሌም» ትሆናለች፤ ወርቁ «ቮርኩ»።

በ«ዜድ» የሚጻፈውን «ዝ» እሱ «ጽ» ይለዋል። ዘላለም «ጸላሌም» ሆኖ ቁጭ።

ስም ሲጀምር ያለውን «ስ»፣ ከኋላው አናባቢ ካለ፣ «ዝ» ያደርገዋል። ሰላም «ዘላም»፣ ሣራ ደግሞ እንደ ልብስ ሱቁ «ዛራ»።

በ«ጄ» የጻፍነውን «ጀ» እሱ «የ» ይለዋል። ጀምበር የነበረው ሰውዬ «የምበር» ይባላል።

«ቸ»ን በ«ሲ» እና «ኤች» ከጻፍነው ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ያለ «ኽ» ያደርገዋል። አንዳርጋቸው ምን እንደሚሆን ለእናንተ ልተወው።

መፍትሔው ስሙን መቀየር ላይሆን ይችላል፤ አጻጻፉን መቀየር ሊበቃ ይችላል። ጀርመኖች «ሽ»ን በሦስት ፊደል፣ በ«ኤስ»፣ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ነው የሚጽፉት። ልጁ የሚመዘገበው እዚያ ከሆነ እንደ እነሱ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። አንዴ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ማስተካከል አድካሚ ስለሆነ፣ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ጀርመናዊ ጎረቤት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስነብቡት። ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው።

በተቃራኒውም ያው ነው። ዩርገን፣ ጉንተር፣ ፍሪድሪኽ የሚባሉት ስሞች ላይ ያሉት የጀርመን ድምፆች አማርኛ ውስጥ የሉም። ከቪልሄልም ጋር ሲተያይ ግን ካርል፣ ክላራ፣ ኦቶ፣ አና ለጋይንት አፍ ቀላል ናቸው። አንዳንዶቹማ አማርኛ ይመስላሉ። ሌኒ የምትባል የጀርመን ልጅ አያቷ «ለኔ» ብለው ቢጠሯት ማን ይከሳቸዋል? ኤማ ደግሞ «እማ» ትሆንና ልጅቷ የቤቱ ሁሉ እናት ትሆናለች።

ቆይ፣ ሁሉም ስም መቅለል አለበት እንዴ?

እዚህ ጋ ራሴን አቁሜ ልሟገት። ይኼን ሁሉ ስል «ለፈረንጅ የሚመች ስም አውጡ» ያልኩ እንዳይመስልብኝ።

ልጅ አስፋ ወሰን አስራተን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በጀርመን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከአብዮቱ በኋላ ጀርመን የቀሩ የታሪክ ሰው ናቸው። ስማቸው አጭር አይደለም፤ ለጀርመን ምላስም የተመቸ አይደለም። ግን በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ሥነ ምግባርና ጨዋነት በጀርመንኛ የጻፉት መጽሐፍ በሰፊው ተሸጠ፤ ጀርመኖቹም ስሙን ተማሩት። ስሙ አልቀለለም፤ ሰዎቹ ለመዱት።

ከዚያ በተቃራኒ ደግሞ ካርልሃይንዝ ቦም አሉ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም በፊልም ተዋናይነት የሚያውቃቸው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሰዎች ለሰዎች ድርጅትን የመሠረቱት ሰው። ኢትዮጵያ ሲመጡ ስማቸው ለኛ አፍ ረዘመ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ቆረጠው። ካርል አላቸው፤ አለቀ። ሰውየውም ካርል ሆነው ኖሩ። ንቀት አልነበረበትም፤ ይልቁንም የኛ ናቸው ማለት ነው። ሰው የሚወደውን ስም ነው ቆርጦ የሚጠራው።

ስለዚህ መለኪያው ቅለት ብቻ አይደለም። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በወጪ ልየው። ከባድ ስም ወጪ አለው፦ በየቢሮው ፊደል መቁጠር፣ በየክፍሉ መታረም። ባዶ ስምም ወጪ አለው፤ ግን ያ ወጪ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው «ስሜ ምን ማለት ነው? ማን አወጣው?» ብሎ ሲጠይቅ «ለመጥራት ስለሚቀል ነው» የሚል መልስ ብቻ ካገኘ፣ ዕዳው ያኔ ይከፈላል። «የራስህ ሆኖ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ምንድን ነው?» የሚለው የልጅነት እንቆቅልሽ መልሱ ስም ነው። እንግዲያው ስም ሲወጣ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ይጠየቁ። ተጠቃሚዎቹ ደግሞ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ብቻ አይደሉም፤ አያትም ናቸው።

ሁለተኛው ስም ላይ ነው ጠቡ

የመጀመሪያው ስም ጨዋታ ነው። እውነተኛው ጭንቅ ሁለተኛው ላይ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም ይኖረዋል ብሎ ደንግጓል፤ ሕዝቡ ግን የቤተሰብ ስሙን ነገር አልተቀበለውም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፤ በቃ። አበበ ከበደ አልማዝ ተሰማን ቢያገባ፣ ልጃቸው ሄለን አበበ ናት። እዚህ ምንም ችግር የለውም። ጀርመን ሲገቡ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይገኛል፦ ከበደ፣ ተሰማ፣ አበበ። ኤርፖርት ላይ «ይህቺ ልጅ የማን ናት?» የሚል ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አባትየው ጀርመናዊ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይፈጠራል። በእኛ ሥርዓት ብንሄድ ልጁ የአባቱን ስም ይይዛል፤ በእነሱ ሥርዓት ብንሄድ የአባቱን ቤተሰብ ስም ይይዛል። በሁለቱም መንገድ የእናቱ ወገን ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። የጋይንቱ ዘር ሐረግ በአንድ ትውልድ፣ በአንድ ፊርማ ይቆማል ማለት ነው። የአጎቴን ልጅ ሌሊት ያስነሳት ይኼ ነበር እንጂ ቪልሄልም አልነበረም።

ደግነቱ ጀርመን ሕጓን ቀይራለች። ከሜይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወላጆች የጋራ የትዳር ስም ባይኖራቸውም ልጃቸው የሁለቱንም ስም አጣምሮ መያዝ ይችላል። ሕጉ ውስጥ ደግሞ ለኛ የሚገርም ነገር አለ። በሰሜን ጀርመን ፍሪዝያውያን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። እንደኛ ልጅን በአባቱ የራስ ስም ነበር የሚጠሩት፤ የያን ልጅ «ያንሰን» ይባል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ናፖሊዮን አካባቢውን ሲይዝ ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ ብሎ አስገደዳቸው። አዲሱ ሕግ ይኼን ልማዳቸውን መልሶ ፈቀደላቸው። ስለዚህ «የአባት ስም የሚባለው የናንተ ነገር ለጀርመን እንግዳ ነው» የሚላችሁ ካለ፣ ሰሜኑን እንዲጠይቅ ንገሩት።

የአጎቴ ልጅ ስትጋባ ስሟን አልቀየረችም። ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የገባው ደግሞ የአያታችን ባል፣ የወንድ አያታችን ስም ነው። ሕጉን ካነበበች በኋላ ደወለችልኝ። «ገባህ?» አለችኝ። «ልጁ የእነሱንም ስም፣ የአያታችንንም ስም መያዝ ይችላል። በአንድ ሰረዝ።»

አንድ ወርና አርባ ቀን

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጀርመን ውስጥ ልደት በ1 ሳምንት ውስጥ ለመዝገብ ቤቱ መነገር አለበት፤ ስሙ ገና ካልተወሰነ እስከ 1 ወር ይጠበቃል። የኛ ክርስትና ደግሞ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። የክርስትና ስሙን ካህኑ የሚሰጡት ያኔ ነው። (የኛው አዋጅ 760/2004 ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን ይሰጣል፤ ሴት ልጅ ክርስትና ተነሥታ እንኳ 10 ቀን ይተርፋል።)

ስለዚህ የጀርመን ወረቀት ክርስትናውን አይጠብቅም። አንዳንድ ወላጆች በዚህ ይጨነቃሉ። ግን ይኼ የቆየ ልማዳችን ነው፤ የዓለም ስም ሌላ፣ የክርስትና ስም ሌላ። ካታሪና ወለተ ኢየሱስም የኖረችው እንዲሁ ነው። ሁሉንም ክብር አንድ ስም ላይ መጫን የለብንም። አንዱ ወረቀት ላይ ይዋል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ደግሞ የአያት አፍ ላይ።

በነገራችን ላይ መዝገብ ቤቱ ስም የመከልከል ሥልጣን አለው፤ ልጁን የሚጎዳ ወይም ስም የማይመስል ከሆነ አይቀበልም። «ይኼ ስም የወንድ ነው የሴት?» የሚለው ጥያቄ ግን እንደ ድሮው አያስጨንቅም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ስም ጾታን መግለጽ የለበትም ብሎ ወስኗል። ብርሃን፣ ደስታ፣ ስንታየሁ የምትሉ ሁሉ ተመችቷችኋል።

ጋሻው

ባለፈው እሑድ አጎቴ እንደገና ወደ እናቱ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ በቪዲዮ ነው። የአጎቴ ልጅ ሆዷን እያሳየቻቸው፣ ባሏ ከጎኗ ተቀምጦ በተሰባበረ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» አላቸው።

«እምዬ፣ የመጀመሪያ ስሙን ዮናስ ልንለው ነው» አለች።

አያታችን ፊታቸው በራ። «ዮናስ! የነነዌው! እሱንማ በየዓመቱ እንጾምለታለን።»

«ቪልሄልም ደግሞ ሁለተኛ ስም ይሆናል፤ ለነሱ።»

«ቆይ ለመሆኑ፣ ይኼ ውልኸ... ይኼ ስም ትርጉም የለውም?» አሉ። ይቺን ጥያቄ ለአንድ ወር ያህል ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር። አገር ቤት ግን ስም ከወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ባልየው አሰበ። ሚስቱ ተረጎመች። የድሮ የጀርመን ቃል ነው፤ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው፤ የፊቱ ጽኑ ፈቃድ ማለት ነው፣ የኋላው ጦረኛ ራሱ ላይ የሚያደርገው የብረት ቁር ነው።

«ቁር ማለት... እንዳይመቱት የሚከላከልበት?»

«አዎ እምዬ።»

«ታዲያ ጋሻው በሉታ!» አሉ፣ ይኼን ያህል ቀን ምን አስጨነቃችሁ በሚል ድምፅ።

ባልየው ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገመው። በጀርመንኛ አጻጻፍ ወረቀት ላይ ጽፎ ለካሜራው አሳየን። ለወላጆቹ ሲነግራቸው እናቱ ወደዱት፤ የአባታቸው ስም በሌላ ቋንቋ ሲጠራ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እንግዲህ ልጁ እዚያ ወረቀት ላይ ዮናስ ቪልሄልም ነው፤ ነፋስ መውጫ ጋሻው ነው፤ በ40ኛው ቀን ደግሞ ካህኑ የሚሰጡት ሦስተኛ ስም ይጠብቀዋል።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል የአጎቴ ልጅ የመጨረሻውን ነገረቻቸው። የልጁ የቤተሰብ ስም ላይ፣ ከጀርመኑ ስም ቀጥሎ፣ የባልዎ ስም ይጻፋል አለቻቸው። ጀርመን መዝገብ ላይ። ልጁ ሲያድግ፣ ሲማር፣ ሲፈርም ሁሉ።

አያታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፦

«እሱ እኮ ከደብረ ታቦር አልፎ አያውቅም ነበር» አሉ።